ሹራብ መሥራት እንዴት ያሳርፋል?

ከቀን ሥራው ተመልሶ ሁለት መርፌና አንድ ልቃቂት ክር ይዞ የተቀመጠ ሰው ከሩቅ ሲታይ የሚያርፍ አይመስልም። እጆቹ አንድ አፍታ አይቆሙም፣ ዓይኑ እየደጋገመ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ አንዳንዴም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። ሆኖም ሹራብ የሚሠሩ ሰዎችን ለምን እንደሚሠሩ ብትጠይቋቸው፣ ብዙዎቹ ከሚለብሱት ልብስ አስቀድመው የሚያነሡት በሥራው ላይ ሳሉ የሚያገኙትን የመንፈስ ዕረፍት ነው። ሥራ ሆኖ ሳለ እንዴት ያሳርፋል የሚለው ጥያቄ መልሱ፣ በእኔ እምነት፣ ጨርቁ በተሠራበት መንገድ ውስጥ ስላለ፣ ከክሩ መጀመር ይሻላል።

በሽመና የሚሠራ ጨርቅ ሁለት ወገን ክር አለው፤ በርዝመቱ የሚዘረጋው ድርና እሱን እያቋረጠ የሚያልፈው ማግ። ሁለቱም ቀጥ ብለው ስለሚተኙ ጨርቁ ቢጎትቱት ብዙም አይለጠጥም። ሹራብ ግን በመሠረቱ ድርም ማግም የለውም። አንድ ክር ታጥፎ ቀለበት ይሠራል፤ በዚያ ቀለበት ውስጥ ሌላ ቀለበት ተስቦ ይወጣል፤ በእሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ። ያንዱ መውጣት የሌላው መያዣ ነው፤ ከመርፌው ላይ የወረደውን ቀለበት ከመፈታት የሚያድነው በውስጡ ያለፈው ተከታዩ ቀለበት ብቻ ነው። ቀለበቶቹ ሲጎተቱ ይረዝማሉ፣ ሲለቀቁ ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው ይመለሳሉ። ካልሲ ሰፊውን ተረከዝ ካለፈ በኋላ በቀጭኑ ቁርጭምጭሚት ላይ ተጣብቆ የሚቀመጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

አንዷ ቀለበት እንዴት እንደምትሠራ ቀርበን እንያት። የቀኙ መርፌ ጫፍ በግራው መርፌ ላይ ወዳለችው የመጀመሪያ ቀለበት ከፊት ወደ ኋላ ይገባል። ክሩ በጫፉ ዙሪያ አንድ ጊዜ ይጠመጠማል። ጫፉ የተጠመጠመውን ክር ይዞ በቀለበቷ ውስጥ ወደ ፊት ይመለሳል፣ አሮጌዋ ቀለበትም ከግራው መርፌ ላይ ትወርዳለች። ማስገባት፣ መጠምጠም፣ መሳብ፣ ማውረድ፤ አራት እንቅስቃሴ ነው። ይህን ገልብጦ፣ ክሩን ከፊት አድርጎና መርፌውን ከኋላ ወደ ፊት አስገብቶ መሥራትም ይቻላል፤ ጀማሪዎች ይህን ሁለተኛ አሠራር እንደ አዲስ ነገር ይፈሩታል፣ ነገር ግን የመጀመሪያው ከጀርባው ሲታይ የሚመስለው ይኸው ነው። የጨርቁን መልክ የሚወስነው የእነዚህ የሁለቱ አቀማመጥ ነው። ወዲያና ወዲህ በሚሠራ ሥራ ላይ ሁሉም ረድፍ በቀጥታው አሠራር ከተሠራ ሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ወጣ ገባ ያለውና ጠርዙ የማይጠቀለል ጨርቅ ይወጣል። አንዱ ረድፍ በቀጥታው፣ ተከታዩ በተገላቢጦሹ ከተሠራ ፊቱ የለሰለሰ ጨርቅ ይገኛል፣ ጠርዙ ግን ይጠቀለላል። በአንዱ ረድፍ ውስጥ ሁለቱ እየተፈራረቁ በየረድፉ በቦታቸው ላይ ከተደረደሩ ደግሞ በጣም የሚለጠጥ ሽንትር ይፈጠራል፤ የእጅጌ ጫፍና የአንገት ዙሪያ የሚሠራው እንዲህ ነው።

በኪሮሽ መሥራት ከዚህ የሚለየው ጫፉ ቆልማማ በሆነ አንድ መሣሪያ ስለሚሠራና ብዙውን ጊዜ ክፍት ሆና የምትጠብቀው ቀለበት አንዲት ብቻ ስለሆነች ነው። ሹራብ ላይ ግን የረድፉ ቀለበቶች በሙሉ ተራቸውን እየጠበቁ በመርፌው ላይ ይሰለፋሉ።

አሁን ቁጥሩን እንመልከት። 20 ሴንቲሜትር ስፋትና 150 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ተራ የአንገት ሻርፕ እንሥራ እንበል፤ በ10 ሴንቲሜትር ውስጥ 20 ቀለበት በወርድ፣ 28 ረድፍ በቁመት ቢገባ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ 40 ቀለበት፣ በጠቅላላው 420 ረድፍ ይኖራል ማለት ነው። ሲባዛ 16,800 ቀለበት ይሆናል። አራቱ እንቅስቃሴዎች 16,800 ጊዜ ይደጋገማሉ። ይህን ቁጥር አስቀድሞ የሰማ ሰው ሥራው አሰልቺ እንደሆነ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የዕረፍቱ አንደኛ ምንጭ ይኸው ድግግሞሽ ነው።

የሃርቫርድ ሐኪም የነበሩት ኸርበርት ቤንሰን በ1970ዎቹ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰውነት ለጭንቀት ከሚሰጠው ምላሽ ተቃራኒ የሆነ የመረጋጋት ምላሽ እንዳለው አስረድተዋል። በዚህ ሁኔታ የልብ ምት ዝግ ይላል፣ ትንፋሽ ይረጋጋል፣ ሰውነት የሚፈጀው ኦክስጅን ይቀንሳል። ወደዚያ ለመድረስ ያስፈልጋሉ ያሏቸው ዋና ነገሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንድን ቃል፣ ድምፅ ወይም እንቅስቃሴ መደጋገም፣ እንዲሁም ሌላ ሐሳብ ሲመጣ ከእሱ ጋር ሳይታገሉ በቀስታ ወደ ድግግሞሹ መመለስ። ሹራብ የሚሠራ ሰው ማንም ሳያስተምረው ሁለቱንም ያደርጋል። ሐሳቡ ወደ ነገ ስብሰባ ወይም ወዳልተከፈለ ዕዳ ሲሄድ እጁ ሥራውን ይቀጥላል፤ የረድፉ መጨረሻ ሲደርስ ግን ሥራውን ማዞር ስላለበት ሐሳቡ ሳይወድ በግድ ይመለሳል። ይህ መመለስ በየአንድና ሁለት ደቂቃው ይደጋገማል። ዝም ብሎ ተቀምጦ አእምሮን ማረጋጋት የሚከብዳቸው ሰዎች ሹራብ ሲይዙ የሚቀልላቸው፣ መመለሻው በእጃቸው ላይ የሚዳሰስ ነገር ስለሆነ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ምክንያት ሥራው ከትኩረታችን ላይ የሚወስደው መጠን ነው። እጅን ፈትቶ በተቀመጡበት ጊዜ አእምሮ ባዶ ቦታ ያገኛል፣ ያንን ባዶ ቦታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሞላው ጭንቀት ነው። ሒሳብ መሥራት ወይም ከባድ ጽሑፍ ማንበብ ጭንቀቱን ያባርር ይሆናል፣ ግን በራሱ ያደክማል። በደንብ የተለመደ ሹራብ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ጭንቀት እንደልቡ እንዳይንሰራፋ የሚያህል ቦታ ይይዛል፣ ከሰው ጋር ለመጨዋወት ወይም ሬዲዮ ለማዳመጥ የሚበቃ ቦታ ደግሞ ይተዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ሰው በአንድ ሥራ ተመስጦ ጊዜውን የሚረሳበትን ሁኔታ ሲያጠኑ፣ የሥራው ክብደትና የሠራተኛው ችሎታ ሲመጣጠኑ ይህ ሁኔታ እንደሚፈጠር አስረድተዋል፤ ሥራው ከችሎታ በላይ ሲሆን ያስጨንቃል፣ በታች ሲሆን ይሰለቻል። ሹራብ ይህን ሚዛን በራስ እጅ ለማስተካከል ያመቻል። ደክሞ የመጣ ሰው ቀጥታውን ረድፍ ብቻ ይሠራል፤ ነቃ ያለ ቀን ደግሞ ቀለም የሚቀያየርበትን ወይም ገመድ መሳይ ጥልፍልፍ ያለበትን ንድፍ ይመርጣል። ብዙ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ የሚጀምሩት፣ አንዱን ለድካም ሌላውን ለንቃት ብለው ነው።

ስለዚህ ጉዳይ የተደረጉ ጥናቶች አሉ፤ የሚሉትንም የማይሉትንም ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። በ2013 በብሪታንያ የሙያ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት 3,545 ሹራብ ሠሪዎችን በኢንተርኔት ጠይቆ፣ ደጋግመው የሚሠሩት ሰዎች የመረጋጋትና የደስታ ስሜት እንደሚሰማቸው የመናገራቸው ዕድል ከፍ ያለ መሆኑን አግኝቷል። በ2009 የታተመ ሌላ አነስተኛ ጥናት ደግሞ ምግብ ከመብላት በሚከለክል የአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ከገቡና ሹራብ እንዲሠሩ ከተማሩ 38 ሴቶች መካከል 74 በመቶዎቹ ፍርሃታቸውና አእምሯቸውን የሚይዘው ሐሳብ እንደቀለለላቸው መናገራቸውን ዘግቧል። ሁለቱም የተመሠረቱት ሰዎች ስለራሳቸው በሰጡት ቃል ላይ ነው። የመጀመሪያው የጠየቀው ሹራብ የሚወዱትን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ሹራብ ካልሠሩ ታማሚዎች ጋር አላነጻጸረም። ስለዚህ ሹራብ ሕክምናን ይተካል ብሎ መናገር ስሕተት ብቻ ሳይሆን የታመመን ሰው ሊጎዳ የሚችል ንግግር ነው። ሐኪም የሚያስፈልገው ሰው ሐኪሙ ዘንድ ይሂድ፤ ሹራቡንም ይዞ ቢሄድ መልካም ነው።

ሦስተኛው ምክንያት፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ስሕተት በሹራብ ላይ ያለው ባሕርይ ነው። እንጨት አንዴ ከተቆረጠ አይቀጠልም፣ ጨርቅ አንዴ በመቀስ ከተሳሳተ ያው ነው። ሹራብ ግን በአንድ ክር ስለሚሠራ ክሩን ይዘው ሲስቡት ረድፍ በረድፍ ይተረተራል፣ ክሩም ሳይጎዳ ተጠቅልሎ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል። የመጀመሪያ ሻርፔን በ30 ቀለበት ጀምሬ አንድ ክንድ ያህል ከሄድኩ በኋላ ብቆጥር 37 ሆኖ አገኘሁት፤ ጨርቁም ከታች ጠባብ፣ ከላይ ሰፊ ሆኖ ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ቀናት ፈጅቶብኛል። ረድፍ ስጀምር ክሩን በመርፌው ላይ አሻግሬ ወደ ኋላ እጎትተው ነበርና የመጀመሪያዋ ቀለበት ተወጥራ ሁለት እግሯ እንደ ሁለት ቀለበት ይታይ ነበር፤ እኔም ሁለቱንም ለየብቻ እሠራቸው ነበር። መፍትሔው ክሩን በመርፌው ሥር ወደ ኋላ ማሳለፍ ብቻ ነበር። የሁለት ሳምንት ማታ ሥራዬን በሩብ ሰዓት ተረተርኩት። እንደማዝን ጠብቄ ነበር፤ የተሰማኝ ግን እፎይታ ነው፣ ምክንያቱም የጠፋ ነገር አልነበረም፤ ክሩም ሙሉ ነው፣ እጄም ከመጀመሪያው ይልቅ ያውቃል።

መተርተር ሁልጊዜ ግዴታ አይደለም። አንዲት ቀለበት ሳትሠራ ከመርፌው ላይ ብታመልጥ ከበታቿ ያለችውም ትለቃለች፣ ከዚያም የታችኛዋ፣ እየተከታተሉም ሲወርዱ በጨርቁ ላይ መሰላል ይፈጠራል። ይህን ያየ ጀማሪ ይደነግጣል። ነገር ግን የመሰላሉ እያንዳንዱ መወጣጫ ያልተቆረጠና ቦታውን ያልለቀቀ ክር ነው። የኪሮሽ መሥሪያ ከፊት በኩል ወደ ወደቀችው ቀለበት ይገባል፣ ከበላይዋ ያለውን የመጀመሪያ መወጣጫ ይይዛል፣ በቀለበቷ ውስጥም ስቦ ያወጣዋል፤ እንዲህ አንድ በአንድ እየወጣ እስከ መርፌው ይደርሳል። ሲጨርስ ስሕተቱ የነበረበትን ቦታ ሠሪው ራሱ ለይቶ ሊያገኘው አይችልም። በሌላው ሕይወታችን ውስጥ ብዙ ነገር የማይመለስ ሆኖ ሳለ፣ በእጃችን ያለው ነገር ሁሉ ሊመለስ የሚችል መሆኑን ማወቅ በራሱ ትከሻን ዝቅ ያደርጋል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ማንም በማያስቸኩልበት ጊዜ ነው፤ ሹራብም በታሪኩ ከጥድፊያ የተላቀቀው ቆይቶ ነው። ከግብፅ የተገኙ፣ ከ4ኛው መቶ ዘመን አካባቢ የሚቆጠሩ፣ አውራ ጣትን ለይተው የሚይዙ የሱፍ ካልሲዎች ሹራብ ቢመስሉም የተሠሩት በአንድ ዓይናማ መርፌ በሌላ ዘዴ ነው። እዚያው ግብፅ የተገኙት ሰማያዊና ነጭ የጥጥ ካልሲዎች ደግሞ በመካከለኛው ዘመን የተሠሩ እውነተኛ ሹራቦች ሲሆኑ፣ ከሚታወቁት ጥንታዊ የሹራብ ሥራዎች መካከል ይመደባሉ። በ1275 የሞተው የካስቲሊያ አልጋ ወራሽ ፈርናንዶ ደ ላ ሰርዳ በቡርጎስ፣ ስፔን፣ ሲቀበር ከእሱ ጋር የተቀመጠው ትራስ ልባስ እጅግ ደቃቅ የሐር ሹራብ ነው። በ1400 አካባቢ የጀርመኑ ሠዓሊ ማስተር ቤርትራም ድንግል ማርያምን በአራት መርፌ የሕፃን ልብስ ስትሠራ ሥሏታል። ከዚያ በኋላ ሹራብ በአውሮፓ የእንጀራ ሥራ ሆነ፤ በ1589 እንግሊዛዊው ዊሊያም ሊ የሹራብ መሥሪያ መሣሪያ ከፈለሰፈ በኋላም ማሽኑ ቀስ በቀስ ገበያውን ወሰደው። ገበያው ሲወሰድ ለእጅ ሥራው የቀረለት ፍቅር ነው፤ ዛሬ ካልሲ በእጁ የሚሠራ ሰው ካልሲ አጥቶ አይደለም። ሥራው የሴቶች ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብም ቢሆን ዓለም አቀፋዊ ሕግ አይደለም፤ በፔሩ በቲቲካካ ሐይቅ ላይ ባለችው የታኪሌ ደሴት ባርኔጣ የሚሠሩት ወንዶች ናቸው፣ የደሴቲቱም የጨርቅ ጥበብ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ጥድፊያው በሌላ መንገድ ሊመለስ ይችላል። ለልደት ቀን ይድረስልኝ ተብሎ የተጀመረ ሹራብ እንደ ማንኛውም የቀነ ገደብ ሥራ ያስጨንቃል። ከችሎታ በላይ የተመረጠ ንድፍም እንዲሁ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሰውን አሳዝኖ ከሥራው የሚያርቀው የመጠን ጉዳይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። እያንዳንዱ ሰው ክሩን የሚወጥርበት መጠን እንደ እጅ ጽሑፉ የራሱ ነው። ንድፉ በ10 ሴንቲሜትር 20 ቀለበት ይላል እንበል፤ ለ100 ሴንቲሜትር የደረት ዙሪያ 200 ቀለበት ያስጀምራል። የእርስዎ እጅ ጠበቅ የሚያደርግ ሆኖ በ10 ሴንቲሜትር 22 ቀለበት ቢያስገባ፣ ያው 200 ቀለበት የሚሰጥዎት ወደ 91 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። በሁለት ቀለበት ልዩነት ሹራቡ 9 ሴንቲሜትር ጠበበ፤ ይህም የሚታወቀው ከወር ሥራ በኋላ ሲለበስ ነው። መከላከያው አስቀድሞ ከ10 ሴንቲሜትር ሰፋ ያለ ቁራጭ ሠርቶ፣ አጥቦና አድርቆ መለካት፣ ከዚያም ከጠበበ መርፌውን በአንድ ቁጥር ማወፈር ነው። ለሻርፕና ለመሸፈኛ ልክ ወሳኝ ስላልሆነ፣ ለዕረፍት ብሎ የሚጀምር ሰው ከእነሱ ቢጀምር እመክራለሁ።

የእጅ ውጥረት ሌላም ነገር ይናገራል። የተቆጣ ወይም የሠጋ ሰው የሠራው ረድፍ ጠበቅ ብሎ ይወጣል፤ ቀለበቶቹ በመርፌው ላይ አልንሸራተት ይላሉ፣ ጫፉም በግድ ይገባል። በአንዳንድ ሥራዬ ላይ ከባድ የነበሩ ቀኖችን ጨርቁን በጣቴ ዳስሼ እለያቸዋለሁ። መርፌው አልገባ ሲል ክሩን አላልቶ፣ ትንፋሽን ሳብ አድርጎ መቀጠል እጅን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም ያላላዋል።

ስለ መሣሪያው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለመጀመሪያ ጊዜ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መርፌና መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ያልተንጨባረረ ክር ይበቃል። እንጨት መርፌ ክሩን ያዝ ስለሚያደርግ ቀለበት አያመልጥም፤ ብረቱ ፈጣን ነው፣ ግን ያንሸራትታል። የበግ ፀጉር ክር ስለሚለጠጥ የእጅን አለመመጣጠን ይሸፍናል፤ ጥጥ ግን ስለማይለጠጥ አለመመጣጠኑን ያጋልጣል፣ ጣትንም ቶሎ ያደክማል። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ክር ለጀማሪ አይሆንም፤ በማታ ብርሃን ቀለበቱን ከቀለበት መለየት ዓይንን ያስለቅሳል።

ድግግሞሽ አእምሮን ቢያሳርፍም ጅማትን ያደክማል። ሳያርፉ ረጅም ሰዓት መሥራት የእጅ አንጓን፣ አውራ ጣትንና አንገትን ያሳምማል። በየግማሽ ሰዓቱ መርፌውን አስቀምጦ ጣቶችን መዘርጋት፣ ክርንን ከጎን አስጠግቶ መያዝ፣ አንገትን ወደ ሥራው ከማቀርቀር ይልቅ ሥራውን ወደ ዓይን ማምጣት ይጠቅማል። የመደንዘዝ ወይም የመጠዝጠዝ ስሜት ከመጣ ሥራውን ለቀናት መተው፣ ስሜቱ ካልለቀቀም ሐኪም ማማከር ይገባል።

ሲቆምም የሚቆምበት ቦታ አለው። በረድፉ መካከል የተተወ ሥራ ሁለቱም መርፌዎች ላይ ቀለበት ስለሚኖር በቀላሉ ይሾልካል፤ በማግስቱም ወደ የት አቅጣጫ ይሄድ እንደነበር ለማወቅ ያስቸግራል። ረድፉን ጨርሶ፣ ቀለበቶቹን ወደ መርፌው መካከል ገፍቶ፣ ቀጣዩ ረድፍ ቀጥታ ይሁን ተገላቢጦሽ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከልቃቂቱ ጋር ማስቀመጥ ነው። ነገ ማታ እጅ የሚጀምረው ከዚያች ወረቀት ነው።